አዲስ ፕሮጀክት ሲሰጥህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ (የ43ቱ ባህር ዛፍ ነገር)

ባለፈው ሳምንት ማታ ላይ አንድ ልጅ ደወለልኝ፣ ድሮ አብሮኝ ሳይት ላይ ኦፊስ ኢንጂነር ሆኖ የሰራ፣ አሁን ሌላ ድርጅት ገብቶ ፕሮጀክት ማናጀር አድርገውታል። እንኳን ደስ አለህ ስለው ሳቀና "ደስታውን ተወውና ሰኞ ልጀምር ነው፣ መጀመሪያ ምንድነው ማደርገው? ቴምፕሌት ምናምን ካለህ ላክልኝ" አለኝ። ላኩለት። ግን ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ፣ ምክንያቱም እኔም በ2013 የመጀመሪያ ፕሮጀክቴን ስይዝ ቴምፕሌት ሞልቶኝ ነበር፣ ቻርተሩ፣ ስኬጁሉ፣ የስቴክሆልደር (ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች) ሠንጠረዡ፣ ሪስክ ሬጅስተሩ (ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮች ዝርዝር) ራሱ ቀይ ቢጫ አረንጓዴ ተቀብቶ ሁሉም ነበረኝ። ያስቆመኝ 43 ባህር ዛፍ ነው።

ሥራው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፣ ሦስት ብሎክ ጂ ፕላስ ዋን፣ ሽንት ቤት፣ አጥር፣ የጥበቃ ቤት፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል የምታስኬድ ከተማ ዳር ላይ። እኛ ተቋራጭ ነን። ጥር ላይ የሳይት ርክክብ ተደረገ፣ የባለቤቱ መስሪያ ቤት ሰው አለ፣ የአማካሪው (ሥራውን የሚቆጣጠረው ድርጅት) ሰው አለ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አለ፣ የኛ ሰርቬየር አለ፣ እኔ አለሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሁሉም ምሳ ፈልጓል፣ ቀድሞ ተተይቦ የመጣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ ላዩ ላይ "ተቋራጩ የሥራ ቦታውን ከማንኛውም እንቅፋት ነፃ ሆኖ ተረክቧል" ይላል። እኔ ይሄን እያነበብኩ ባህር ዛፉን ፊት ለፊቴ እያየሁት ነው'ኮ! በምሥራቅ በኩል ጥጉ ላይ፣ ብሎክ ሲ የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው፣ ከዛፉ ሥር አንዲት ጎጆ አለች፣ ጭስ ይወጣባታል። "ይሄስ?" አልኩ። የቀበሌው ሰውዬ "እሱ አልቋል፣ ካሳው ተገምቷል፣ በዚህ ሳምንት ይነሳሉ" አለ። ተገምቷል ነው ያለው እንጂ ተከፍሏል አላለም፣ እኔ ግን የሰማሁት "አልቋል" የምትለዋን ብቻ ነው። ፈረምኩ። ሄደን ጥብስ በላን።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ኤክስካቫተር ይዤ ስመጣ ጎጆዋ አለች፣ ጭሱም አለ። አንዲት እናት ወጡ፣ ሰባዎቹ ውስጥ ሚሆኑ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። አልጮሁም፣ አልተቆጡም፣ እንዲያውም ውኃ ልስጣችሁ ብለው ነበር። "ልጄ" አሉኝ "ካሳው ሲመጣ እኔው ራሴ አስቆርጥልሃለሁ፣ ሳይመጣ ግን ቅጠል አትነካም።" ምን ትላቸዋለህ? ልክ ናቸው። ሕጉም ከሳቸው ጋር ነው፣ አዋጅ 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ መጀመሪያ ይከፈል ነው ሚለው፣ መጀመሪያ አንሳና በኋላ ክፈል አይልም። ኦፕሬተሩን ማሽኑን አጥፋ አልኩት። ከዛን ቀን ጀምሮ ካሳው ተከፍሎ ቦታው እስኪለቀቅ 71 ቀን ቆጠርኩ።

71 ቀን ደግሞ ወረቀት ላይ ነው። ቆጥራችሁ ድረሱበት፣ ከመጋቢት 71 ቀን ማለት ግንቦት አጋማሽ አካባቢ ማለት ነው፣ ቁፋሮ ገና ስንጀምር ሰኔ ገባ፣ አካባቢው ዋልካ ነው፣ የቆፈርነው ጉድጓድ ሁሉ ኩሬ ሆነ፣ በፓምፕ እናወጣለን ማታ ይሞላል። ብሎክ ኤ እና ቢ ጣሪያ ሲለብሱ ሲ ገና ፋውንዴሽን ላይ ነበር።

የጊዜ ማራዘሚያ ጠየቅን በርግጥ። ኮንትራቱ የፊዲክ ነው (ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን የሚያወጣው የውል ዓይነት)፣ 1999 ሬድ ቡክ የሚባለው ቅርፅ፣ እዛ ላይ ባለቤቱ ሳይቱን በጊዜው ካላስረከበ ተቋራጩ ቀንም ወጪም መጠየቅ ይችላል፣ አንቀፅ 2.1 ግልፅ ነው። ግን አንቀፅ 20.1 ደግሞ ችግሩን ካወቅክ ወይም ማወቅ ከነበረብህ ቀን ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ኖቲስ (የጽሑፍ ማሳወቂያ) ካልሰጠህ መብትህ የለም ይላል። እኔ "በዚህ ሳምንት ይነሳሉ" እየተባልኩ፣ ስልክ እየደወልኩ፣ ሰው እየለመንኩ ነው 28ቱን ቀን የጨረስኩት። አማካሪው የመለሰልኝ ደብዳቤ ግማሽ ገፅ ነበር፣ አባሪው ደግሞ አንድ ወረቀት፣ የራሴ ፊርማ ያለበት ቃለ ጉባኤ። በኛ ኮንትራት የመዘግየት ቅጣቱ በቀን 0.1 ፐርሰንት ነው፣ ሂሳቡን አለቃዬ ፊት ቁጭ ብዬ ነው የሰራሁት፣ ያንን ቀን ባልናገር ይሻላል።

እንግዲህ ልጁ "መጀመሪያ ምንድነው ማደርገው" ሲለኝ ለኔ መልሱ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ አትጀምርም። አለቃ፣ ባለቤት፣ ቀበሌ፣ ሁሉም "መቼ ነው ማሽን ሚገባው" ነው ሚልህ፣ ማሽን ሲገባ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ይላካል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ያንተ ሥራ ግን በነዛ ሁለት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ወረቀቱ ላይ ያለውና መሬቱ ላይ ያለው አንድ መሆናቸውን ማየት ነው፣ አንድ ካልሆኑ ደግሞ ልዩነቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ነው ሚመጣው።

ኮንትራቱን አንብበው ስልህ በቃ ሰው ሁሉ አንብቤዋለሁ ይላል፣ ግን አብዛኛው ሰው ሚያነበው ዋጋውንና ቀኑን ነው። እኔ አሁን ማነበው ከስፔሻል ኮንዲሽን (ለዚያ ሥራ ብቻ ተብሎ ከተጻፈው ክፍል) ነው፣ ጄኔራሉ ላይ የተጻፈውን የሚሽረው እሱ ስለሆነ፣ ጄኔራሉማ ሁሌም ያው ነው። ቀጥሎ የሰነዶቹን ቅደም ተከተል አያለሁ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን እኛ ሳይት ላይ ቢኦኪው (የሥራና የዋጋ ዝርዝሩ) መስኮቱን አሉሚኒየም ይላል ድሮዊንጉ (ንድፉ) ኤልቲዜድ፣ ማለትም ብረት፣ ይላል፣ የትኛው ይሰራል? በፊዲክ ቅደም ተከተል ድሮዊንግ ከዋጋ ዝርዝሩ ይቀድማል፣ ስለዚ ኤልቲዜድ፣ ግን ይሄን ገና ሳትጀምር በደብዳቤ ካላነሳህ ፎርማኑ ቢኦኪው ይዞ ሄዶ አሉሚኒየም ያዛል። እኛ ጋ ልታዘዝ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የደረስኩበት፣ እሱም በአጋጣሚ።

ከዛ ቀኖቹን አወጣለሁ። የአሸናፊነት ደብዳቤ ከደረሰህ በ28 ቀን የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና፣ የሥራ ማስጀመሪያ ትእዛዝ ከደረሰህ በ28 ቀን ፕሮግራም፣ ችግር ካየህ በ28 ቀን ኖቲስ፣ ሁሉም 28 ነው፣ ወፍራም ማርከር አምጥተህ ኮንቴይነሩ ግድግዳ ላይ ጻፈው። እኔ አሁን እንደዛ ነው ማደርገው፣ ሰው ሲገባ ይስቃል፣ ይሳቅ።

ቀን ካነሳን አይቀር የሁለቱ ካሌንደር ነገር። ደብዳቤው በኛ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የባንክ ዋስትናው በፈረንጅ ይወጣል፣ ስኬጁል የምንሰራበት ሶፍትዌር ኤምኤስ ፕሮጀክት ደግሞ የኛን አቆጣጠር አያውቅም (እስቲ ጳጉሜን ንገሩት)። የቅድሚያ ክፍያ ዋስትናችን እስከ ሚያዝያ 30 2014 መቆየት ነበረበት፣ እኛም እንደዛ ብለን ጠየቅን፣ ማን እንደተረጎመው እግዜር ይወቀው ወረቀቱ ላይ ኤፕሪል 30 ተብሎ ወጣ። ኤፕሪል 30 ማለት ሚያዝያ 22 ነው። የ8 ቀን ቀዳዳ። ማንም አላየውም፣ ባለቤቱ ጋ ያለች የፋይናንስ ሰራተኛ ነች ያየችው፣ እሷ ባታየው ምን ይመጣ እንደነበር አላውቅም ግን ክፍያችንን እስኪስተካከል ይዘውት ነበር። ከዛ ወዲህ በምጽፈው ወረቀት ሁሉ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ነው ማስቀምጠው፣ ሰዓትም ጭምር፣ ምክንያቱም ስብሰባ 3 ሰዓት ተብሎ ውጪ የተማረ አማካሪ ከሰዓት የመጣበት ጊዜ አለ።

የበጀት ዓመቱንም አትርሳ። የመንግሥት ገንዘብ ከሆነ በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ይከፈታል ማለት ግን ገንዘብ ይንቀሳቀሳል ማለት አደለም፣ ሐምሌና ነሐሴን ክፍያ ጠብቀህ ፕላን ካደረግክ ሰራተኛህን በምን እንደምትከፍል አሁኑኑ አስብ። የክፍያ ሰርተፍኬትህን ግንቦት ላይ አስገባ፣ ሰኔ 25 ይዘህ ስትሄድ ሁሉም ይዞ መጥቷል፣ ሰልፉ እስከ ደረጃው ነው።

አሁን የማይወራውን ላውራ። ፕሮጀክት ሲጀመር የመጀመሪያው ከባድ ድርድር ከባለቤቱ ጋር ወይ ከአማካሪው ጋር አደለም፣ ከራስህ አለቃ ጋር ነው። ፒኤምአይ የሚባለው የፕሮጀክት ማናጀሮች ማህበር (እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ የተመሰረተው፣ ብዙዎቻችን ሰርተፍኬቱን ለመውሰድ ምንከፍለው) ፕሮጀክት ቻርተር የሚለው ነገር አለ፣ ዋናው ሐሳቡ ማናጀሩ ሥልጣኑ ምን ድረስ እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጠው ነው። እኛ ጋ ግን አለቃህ ትከሻህን መታ አድርጎ "አንተን አምኜ ነው ምሰጥህ" ይልሃል፣ እሷ ነች ቻርተሯ። ከዛ ሳይት ትሄድና 20 ኩንታል ሲሚንቶ ለመግዛት የሚፈርምልህ ሰው አጥተህ ሦስት ቀን ትጠብቃለህ።

ስለዚ ሳትወጣ ጠይቀው፣ ፊት ለፊት፣ ሳትፈራ፦ ያለ ዋና መስሪያ ቤት ፈቃድ እስከ ስንት ብር ማውጣት እችላለሁ፣ ሰው መቅጠርና ማሰናበት የኔ ነው ወይስ የናንተ፣ ለአማካሪው የሚሄደው ደብዳቤ በኔ ፊርማ ነው ወይስ አዲስ አበባ መጥቶ ነው ሚፈረመው (28 ቀኗን አስታውስ፣ ደብዳቤ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ 10 ቀን ይበላል)፣ መኪናው የሳይቱ ነው ወይስ ሌላ ሳይት ሲፈልገው ይሄዳል። እነዚህን ጠይቀህ መልሱን አንድ ገፅ ላይ ጽፈህ ውክልና ብለህ አስፈርመው።

እና አድቫንሱ። ቅድሚያ ክፍያ ሲገባ፣ ብዙ ጊዜ 20 ወይ 30 ፐርሰንት ነው፣ ብሩ ትልቅ ስለሆነ የድርጅቱን የቆየ ጥማት ሁሉ ያነሳሳል። ለኔ የተባለው "ከሱ ላይ ትንሽ ለዛኛው ሳይት ደሞዝ እንወስድና በሚቀጥለው ክፍያ እንመልሳለን" ነበር። ትንሽ የተባለው ግማሹ ሆነ። ይሄን ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር አድቫንስ ስጦታ አደለም፣ ብድር ነው፣ ከያንዳንዱ የክፍያ ሰርተፍኬት ላይ ተቆራጭ እየሆነ ይመለሳል፣ ስለዚ ብረቱን ሳትገዛበት ሌላ ቦታ ከሄደ አንተ ያላየኸውን ገንዘብ ነው ምትመልሰው። መከልከል አልቻልኩም፣ አለቃ ነው፣ ግን አሁን ማደርገው አንድ ነገር አለ፣ ብሩ ሳይገባ በፊት የብረትና የሲሚንቶ ግዢ ዝርዝር ከነፕሮፎርማው አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ፣ የገባ ዕለት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አለ። ገንዘብ ሥራ ሳይይዝ ካደረ ሌላ ሰው ሥራ ይሰጠዋል።

ይሄ ልምድ በሁለተኛው ፕሮጀክቴ ነው የካሰኝ። ሐምሌ 22 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ታስታውሳላችሁ፣ ዶላሩ በባንክ 57 ብር የነበረው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ተሰቀለ። እኔ የፋውንዴሽኑንና የመጀመሪያውን ወለል ብረት ግንቦት ላይ ስቶር አስገብቼ ነበር። ነቢይ ስለሆንኩ አደለም፣ ብሩ እንዳይወሰድብኝ ፈርቼ ነው። ግን የተቀረው ብረት በአዲሱ ዋጋ ነው የተገዛው፣ ኮንትራቱ የዋጋ ማስተካከያ አንቀፅ ስለነበረው ተረፍን እንጂ ከሌላቸው ድርጅቶች መሃል ሳይታቸውን ጥለው የወጡ አይቻለሁ። ስለዚ ይሄም ከመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄ ነው፣ ማስተካከያ አለው ወይስ የለውም፣ ካለው ቀመሩ ውስጥ ብረት፣ ሲሚንቶና ነዳጅ ገብተዋል ወይ፣ መነሻ ወሩ የትኛው ነው። ጨረታውን የሞላው ሰው ይሄን ሳያስበው ሞልቶት ሊሆን ይችላል፣ አንተ ግን ምትኖረው በሱ ውስጥ ነው።

ጨረታውን የሞላው ሰው ስል፣ ፈልገህ አግኘውና ቡና ጋብዘው። ዋጋውን ሲሞላ አሸዋው ከየት ይመጣል ብሎ እንዳሰበ፣ ድንጋዩ ከየትኛው ካባ (የድንጋይ ማውጫ) እንደሆነ፣ ውኃ ከየት፣ ሁሉንም ጠይቀው። የኛው ሰው ሳይቱን አላየውም ነበር፣ ጎግል ማፕ ላይ ነው ያየው። የአሸዋ መኪና የሚያልፍባት አንዲት የእንጨት ድልድይ እንዳለች ማፑ አይናገርም።

ሳይቱን ደግሞ በእግር ነው እንጂ በመኪና አታየውም። ከፎርማኑ ጋር ሂድ። የኛ ፎርማን በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ ጋሼ ነው ምለው፣ እሱ ኢንጂነር ይለኛል ግን ኢንጂነር ሲለኝ ልጅ እንደማለት ነው። በጋ ነው፣ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ስንጥቁ ውስጥ ገባና ቆሞ አየኝ። "ኢንጂነር፣ ስንት ነው ቁፋሮው?" አለኝ። አንድ ሜትር ከሃያ አልኩት ከቢኦኪው አይቼ። ሳቀ። ዋልካ ማለት ያው ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይደርቅና ይሰበሰባል፣ ላዩ ላይ ያረፈውን ቤት ከፍ ዝቅ እያደረገ ይሰነጥቀዋል፣ ስለዚ ወይ ጠንካራው እስኪገኝ ትቆፍራለህ ወይ አውጥተህ በሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ ጥሩ አፈር) ትሞላዋለህ። በጋሼ ምክር ማሽን ሳይመጣ በፊት አራት ሰው ቀጥሬ በሁለት ቀን ሦስት ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ በያንዳንዱ ብሎክ አንድ። ሁለት ሜትር ከስልሳ ድረስ ዋልካ ነው። ሜትር ዘርግቼ ፎቶ አነሳሁ፣ አማካሪውን ጠርቼ አሳየሁት፣ በሳምንቱ ኖቲስ ጻፍኩ። ይሄኛው ተፈቀደልኝ፣ ተጨማሪ ቁፋሮውም ሙሌቱም ተከፈለ፣ ቀንም ተጨመረልኝ። ያው እኔው ነኝ፣ ያው ኮንትራት ነው፣ ያው አማካሪ ነው፣ ያንን ቀልጥፌ ስጽፍ ባህር ዛፉን ግን ሰው ይቀየመኛል ብዬ ዝም አልኩ። ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው፣ አፈር አይቀየምም።

ከጋሼ ጋር ሌላም ነገር አለ፣ የስኬጁሉ። እኔ ወሩን በ26 የሥራ ቀን መትቼ ሰራሁት፣ አትሜ በኩራት አሳየሁት። እያየ እያየ "ይሄ የሚሰራው ሰው ነው ማሽን?" አለኝ። ከዛ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ የዚህ አገር ገበሬ አፈር አይነካም፣ ሐሙስ ገበያ ነው ከቀን ሰራተኛው ግማሹ አይመጣም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው ማንም አይመጣልህም ብር ብትጨምርም። ዝም ብዬ ሰማሁት። ሁሉም በዓል በሁሉም ቦታ አይከበርም፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ዓርብ ነው ሰው የማይኖረው፣ ለዛ ነው የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ያለብህ። ስኬጁሉን እንደገና ስሰራው ወሩ 20 እና 21 ቀን ሆነ፣ የሰራተኛ ቁጥር ጨመርኩ፣ በአጨዳ ወራት ላይ ደግሞ ከሌላ ከተማ ምናመጣቸውን ባለሙያዎች ሥራ ነው የከተትኩት፣ ኤሌክትሪክና ቧንቧ። ከነዛ ሁሉ ቴምፕሌቶች ውስጥ በትክክል የሰራልኝ ወረቀት ቢኖር ይሄ ጋሼ ያረመው ስኬጁል ነው።

ኪክኦፍ ሚቲንግ (የሥራ ማስጀመሪያ ስብሰባ) ላይ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ውኃ ይታደላል ንግግር ይደረጋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ ሲባል "እኔ ልያዝ" በል። ማንም አይፈልገውም፣ አሰልቺ ነው፣ ደስ ብሏቸው ይሰጡሃል። የጻፈው ሰው ግን ምን እንደተባለ ሚወስነው እሱ ነው፣ መዋሸት አደለም እያልኩ ያለሁት፣ የሚድበሰበሰውን ነገር ጥርት አድርገህ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ብለህ ታስቀምጠዋለህ። ያኔ ጥር ላይ ተተይቦ የመጣልኝን ወረቀት አስቡት፣ ጻፊው እኔ ብሆን "ካሳ አልተከፈለም" የምትል አንድ መስመር ነበር ሚያስፈልገኝ።

የቃል ትእዛዝ ሌላው ነው። የአማካሪው ሰው ሳይት እየዞረ "ይቺን ግድግዳ ትንሽ ግፋት" "እዚ ጋ አንድ በር ብትኖር" ይላል፣ አንተም አዲስ ስለሆንክ ልታስደስተው ትፈልጋለህ። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይጻፍልሃል፣ አውራ ጣት ታደርግበታለህ። ክፍያ ሲመጣ ግን ማንም የቴሌግራም ስክሪንሾት አይቀበልህም። በኛ ኮንትራት አንቀፅ 3.3 ላይ ጥሩ መውጫ አለ፣ በቃል ካዘዘህ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ "እንዲህ ብለህ አዘኸኛል" ብለህ በጽሑፍ ታረጋግጥለታለህ፣ እሱ ደርሶት በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ አይ አላልኩም ብሎ ካልጻፈ ያንተው ደብዳቤ እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ይቆጠራል። ይሄን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረህ አስለምደው፣ በኋላ ስትጀምረው የተጣላህ ይመስለዋል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከጀመርከው ግን በቃ ይሄ ልጅ እንዲህ ነው ይልሃል።

ሁለተኛው ፕሮጀክቴ ርክክብ ላይ (ጤና ጣቢያ ነው፣ ሌላ ከተማ) ቃለ ጉባኤው እንደለመደው ተተይቦ መጣ፣ ያቺው ዓረፍተ ነገር ራሷ፣ ከማንኛውም እንቅፋት ነፃ። እኔ ሰርቬየሩን ይዤ ዳሩን ዳሩን ስዞር አንድ ሰዓት ፈጀሁ፣ ሰዉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኛል፣ አንዱ ሰዓቱን ያያል። ተመልሼ መጣሁና እስክሪብቶ አውጥቼ ከታች በእጄ ጻፍኩበት፦ አንድ የመብራት ምሰሶ፣ አንድ አጥር፣ በሰሜን በኩል ሰው ወደ ምንጭ የሚሄድበት የእግር መንገድ አለ፣ እነዚህ እስኪነሱ ወይም ተለዋጭ እስኪሰጣቸው ድረስ ይሄን ያህል ካሬ ሜትር አልተረከብኩም። የባለቤቱ ሰውዬ ፊቱ ተለዋወጠ፣ "ገና ሳንጀምር ነው እንዴ ክስ ምታዘጋጅብን?" አለኝ። አይ ጌታዬ አልኩት፣ ገና ሳንጀምር ነው ሚሻለው ብዬ ነው። ፈረመ፣ ግን ምሳ ሳንበላ ተለያየን። ምሰሶው በአምስት ሳምንት ተነሳ፣ የተጻፈ ነገር ስለሆነ እሱም ለበላዩ የሚያሳየው ወረቀት ነበረው፣ በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ።

የእማማን ነገር ሳልጨርስ። ካሳቸው ግንቦት ላይ ተከፈለ፣ በማግስቱ ጠዋት ሳይት ስደርስ ቀጥረው ያመጧቸው ሦስት ቆራጮች ዛፉን እየጣሉ ነው፣ ቃላቸውን ጠበቁ። 43ቱም ተቆርጦ፣ ተመልምሎ፣ አጣና ሆኖ ተደረደረ። እኛ ደግሞ ለብሎክ ኤ ስካፎልዲንግ አጣና ፈልገን ከተማ ውስጥ ያለው ነጋዴ ዋጋ ሰቅሎብን ነበር። ጋሼን ላኩት፣ ጋሼ ተመልሶ መጣና "ራስህ ሂድ ነው ያሉት" አለኝ። ሄድኩ። እማማ ክምሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሳቁ። ትንሽ ይቀንሱልኝ እማማ፣ 71 ቀን ጠብቄዎት የለ እንዴ ብላቸው "እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ነው ያሳደግኩት" አሉኝ። በከተማው ነጋዴ ዋጋ ነው የገዛኋቸው።